አንሶላው ላይ የመጣችው ጢንዚዛ
(በምሩቃን መገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከሥራ ውጭ ስለምወደው ነገር እንድናገር ሲጠይቁኝ «ስለ ጢንዚዛ» ብላቸው ሳቁ። ይሳቁ! ዳርዊንም እኮ በ1825 እ.ኤ.አ. ሕክምና ሊማር ኤደንብራ ገብቶ፣ የቀዶ ሕክምናውን ነገር ማየት አልችል ብሎ የተወ ሰው ነው። ካምብሪጅ ሲሄድ በጢንዚዛ አበደ። አንድ ቀን በሁለቱም እጁ አንዳንድ ይዞ ሳለ ሦስተኛ አየና አንዷን አፉ ውስጥ ከተታት። የሚያቃጥል ፈሳሽ ምላሱ ላይ ረጨችበት፤ ተፋት፤ ሦስተኛዋም አመለጠችው።

እኔ አፌ ውስጥ አልከትም። ክረምት ሲገባ ሐዋሳ ቤቴ በረንዳ ላይ ነጭ አንሶላ እሰቅላለሁ፣ አምፖል አበራለሁ፣ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ። አሸኑ ይመጣል፣ የእሳት እራቱ ይመጣል። በስልክ ፎቶ እናነሳለን፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ መጣሉንና አለመጣሉን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ስሙን የማናውቀው ይበዛል፤ እሱን «ቡናማ፣ ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ነገር ያለበት» ብለን እናልፈዋለን። በእንግሊዝ አገር እንዲህ የሚመዘግቡ ተራ ሰዎች ሞልተዋል፤ ከአፍሪካ ተነስታ አውሮፓ የምትደርሰው ቢራቢሮ፣ ቫኔሳ ካርዱይ፣ ጉዞዋ የታወቀው ከራዳር ጋር በእነሱ ምዝገባ ጭምር ነው።

አንሶላው ላይ ከሚመጡት አንዷን ግን ሁላችሁም እንድታውቋት እፈልጋለሁ። ፔደረስ ትባላለች። ቀጭን ናት፣ ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷና ሆዷ ብርቱካናማ፣ አጭር ክንፏ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ ጭራዋ ጥቁር። እርጥብ አፈር ትወዳለች፣ ማታ ወደ መብራት ትመጣለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ግን ደሟ ውስጥ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ ያቃጥላል፤ እሱም ወዲያው አይደለም፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ሰውየው ታዲያ ጢንዚዛዋን የት አስታውሷት!

አንዲት የኮሌጅ ተማሪ አንገቷ ላይ ውሃ በቋጠረ ቀይ መስመር መጣችብኝ። ሌላ ቦታ «አልማዝ ባለጭራ» ተብላ የቫይረስ መድኃኒት ወስዳለች። አብረዋት የሚያድሩት ልጆች ይተላለፋል ብለው አልጋቸውን አርቀዋል፤ እሷም ፈተናዋን ትታ ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ነበር። አልጋዋ መብራት ሥር እንደሆነ ስትነግረኝ የስልኬን ፎቶ አሳየኋት። «ይቺንማ ሁልጊዜ ትራሴ ላይ አያታለሁ» አለች።

ልዩነቱን ታውቁታላችሁ፦ አልማዝ ባለጭራ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይቀድማል፣ አንድ የነርቭ መስመር ይከተላል፣ የሰውነትን መሃል አያልፍም። የጢንዚዛዋ ግን በተጨፈለቀችበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ክርን እጥፋት ላይ ከሆነ ተቃራኒው ቆዳ ላይም ይታተማል። ወደ ዓይን ከነካካው ደግሞ ዓይን ያብጣል። ሰውነታችሁ ላይ ካያችኋት እፍ በሏት እንጂ አትምቷት፤ ከተጨፈለቀች ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።

አሁን አንሶላው ላይ በርከት ስትል ለተረኞቹ እደውላለሁ፤ «ነገና ከነገ ወዲያ መስመር የሠራ ቁስል ካያችሁ ስለ መብራት ጠይቁ» እላቸዋለሁ። ከእናንተ ውስጥ ጋምቤላም፣ ባሕር ዳርም፣ አርባ ምንጭም የምትሠሩ አላችሁ። ደብተር ያዙ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶውን በባቹ ግሩፕ ላኩልኝ።

ዛሬም አንሶላዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው መብራት ሥር ሰቅየዋለሁ። ከእራት በኋላ የፈለገ ይምጣ።