መቅዳት የማይችለው ቴፕ



አዲስ መሣሪያ ለገበያ ሲቀርብ የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ ብዙውን ጊዜ በአሮጌው ዕቃ የተለካ ነው። የሶኒ ኩባንያ ዎክማን ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ይሆናል።

የኩባንያው መሐንዲሶች ለጋዜጠኞች ከተሠራው ፕሬስማን ከተባለው አነስተኛ ቴፕ ላይ የመቅጃውን ክፍልና ድምፅ ማጉያውን አንሥተው፣ በምትኩ ስቴሪዮ ማጫወቻና ቀላል የጆሮ ማዳመጫ አደረጉለት። መቅዳት የማይችል ቴፕ ገዢ አያገኝም የሚል ጥርጣሬ በኩባንያው ውስጥም ሆነ በነጋዴዎች ዘንድ ተነሣ። መሣሪያው ጁላይ 1 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በ33,000 የን በጃፓን ገበያ ዋለ። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ በቅድሚያ የተሠሩት 30,000 ዕቃዎች እስከ ኦገስት መጨረሻ ተሸጠው አለቁ።

ሁለተኛው ሥጋት ግን ከገበያ በላይ ነበር፤ ይኸውም ጆሮውን የደፈነ ሰው ከባልንጀራው ይለያል የሚለው ነው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታም ለብቻ ማዳመጥ ከጨዋነት የራቀ እንዳይመስል ሠጉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ፣ እንዲሁም ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ በማይክሮፎን የሚያነጋግር ብርቱካንማ ቁልፍ ተሠራለት። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ለብቻው ማዳመጥን ስለ መረጠ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው ዎክማን 2 ላይ ቁልፉ ቀረ።

ተጠራጣሪዎቹ በሽያጩ ተሳስተዋል፤ በቁልፉ ጉዳይ ግን ፍርዱ ገና አልተዘጋም። ስለሆነም መሐንዲስ ከመሣሪያ ላይ አንድ ክፍል ሲያነሣ፣ ከሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያነሣ አስቀድሞ ሊመዝን ይገባዋል።