አጥሩን ከመቀባታችን በፊት

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ መሸንቲ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዘንድሮው ዕቅዳችን ውስጥ እዚህ መሸንቲ፣ በአስፋልቱ ዳር ያለውን አጥር ቀለም የመቀባት ሐሳብ አለ። አጥሩ ላይ የፍቅረኞች ስም አለ፣ የኳስ ቡድን አለ፣ የደላላ ስልክ ቁጥር አለ። ደጋግሞ የተጻፈው ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»።

ሐኪም ስለ አጥር ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። ትኩሳት እኮ ምልክት ነው፤ በፓራሲታሞል ብናወርደውም ምክንያቱ እዚያው ነው። የግድግዳ ጽሑፍም እንደዚያው ነው።

ይህን ያጠና አንድ አርክቴክት ነበር፤ ኦስካር ኒውማን ይባላል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ፕሩት አይጎ የሚባለውን ባለ 11 ፎቅ የመኖሪያ ሰፈር ተመለከተ። ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው መተላለፊያና ደረጃ በጽሑፍ፣ በቆሻሻና በዓይነ ምድር ተሞልቷል። ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋሩት ደጃፍ ግን ንጹሕ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለየው ቦታው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ የኔ ነው የሚለው ሰው ያጣ ቦታ ይበላሻል።

ታዲያ የኛስ አጥር? መኪና ይቆማል፣ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ወንዱ ዞር ይላል። ሴቷስ? ጉሊት የምትውል እናት መሄጃ ስለሌላት ውሃ ሳትጠጣ፣ ሽንቷን ይዛ ትውላለች። ይሄ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ምጥም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒት ጽፌ እሰዳታለሁ፤ በማግስቱ እዚያው ጉሊቷ ላይ ናት። ጽሑፉ የተከለከለውን ነገራት እንጂ የተፈቀደውን አላሳያትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ የቀለሙ ገንዘብ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት መነሻ ይሁን። ለሴትና ለወንድ ለየብቻ፣ ውሃና የሚቆለፍ በር ያለው። ከሁሉም በላይ ባለቤት ይኑረው፤ የሰፈሩ ሴቶች ተደራጅተው ይያዙት፣ ገቢውም የነሱ ይሁን። ያለዚያ በዓመቱ ሌላ የቆሸሸ ግድግዳ ጨመርን ማለት ነው። በመካከላችን አርክቴክት አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ሕግ ዐዋቂ አለ፤ ምን ጎደለን?

አጥሩን ከዚያ በኋላ እንቀባዋለን። «ክልክል ነው» በነበረበትም ቀስት ሥለን «መጸዳጃ ቤት በዚህ በኩል» ብለን እንጽፋለን።