የኪስ ብዕርና የሠራተኛው እጅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ለንግግራችን የመረጥነው ነገር ትንሽ ነው። ርዝመቱ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፥ በደረት ኪስ ሲገባ የማይታይ፥ በሰው እጅ የተሠራ ቀለም የሚሞላ ብዕር ነው። «ለእንዲህ ያለ ትልቅ በዓል እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ምን ይሆናል?» የሚለን ቢኖር፥ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በአገራችን ብዕር በደረት ኪስ መሰካት የተማረ ሰው ምልክት ሆኖ ኖሯል። ብዕሩን የያዘውን ሰው፥ ጸሐፊም ቢሆን ዳኛም ቢሆን መምህርም ቢሆን፥ ሁሉ ያከብረዋል። ብዕሩን የሠራውን ሰው ግን «ማን ነው? ምን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ይህ ሁለተኛው ሰው ነው።

የቀደሙት ቁም ጸሐፊዎቻችን ሁለቱንም ነበሩ። መቃ ቆርጠው፥ ጫፉን በቢላዋ አሹለውና ሰንጥቀው ብዕሩን ያበጁ ነበር፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል አዘጋጅተው በቀንድ ያኖሩት ነበር፤ ብራናውንም ፍቀው ያለሰልሱት ነበር። ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሆኖም ብዕሩ በእጅ፥ ቀለሙ በቀንድ ስለሆነ፥ ጥቂት ቃላት በጻፉ ቁጥር መንከር ግድ ነው። በሌላው ዓለም በላባና በብረት ጫፍ ይጽፍ የነበረው ሰውም ችግሩ ይኸው ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቀንዱን ከብዕሩ ሆድ ለማግባት ደከሙ።

ነገሩ በአፍ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ያስቸግራል። ፔትራኬ ፖኤናሩ የተባለ ሮማንያዊ በፓሪስ ተማሪ ሳለ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1827፥ ቀለሙን በውስጡ ለሚይዝ ብዕር ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት ተቀበለ። (ከዚህም በኋላ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዘመኑን የምንጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ጭንቁ አየር ነበር። አፈ ጠባብ ጠርሙስ በውኃ ሞልታችሁ ብትደፉት ውኃው በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ አየር በገባ መጠን ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ብዕርም እንዲሁ ነው። አየር ካልገባ ቀለም አይወርድም፤ አየር በብዛት ከገባ ደግሞ ቀለሙ ወረቀቱን ያጥለቀልቀዋል። ሉዊስ ዋተርማን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1884 መብት ያወጣበት ብዕር፥ ከብረት ጫፉ ሥር ቀጫጭን ቦዮች የወጡበት ምላስ ነበረው። በነዚያ ቦዮች ቀለም ወደ ታች ይወርዳል፤ አየር ወደ ላይ ይገባል። ቀለሙ የሚሳበውም የኩራዝ ክር ጋዝ በሚስብበት ሕግ ነው። እንግዲህ በሳይንስ ክፍል የተማርነው ሕግ በሰው ደረት ኪስ ውስጥ ሲሠራ ይውላል ማለት ነው።

ብዕሩን ለኪስ ማሳጠር ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። አጭር ብዕር ለእጅ አይመችም። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ክዳኑን ነቅሎ ከኋላው መሰካት ነው። ካቬኮ ስፖርት የተባለው የጀርመን የኪስ ብዕር ሲዘጋ 10 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ክዳኑ ከኋላ ሲሰካበት ግን ወደ 13 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጃፓኖችም በ1960ዎቹ ክዳኑ ረጅም፥ ገላው አጭር የሆነ የኪስ ብዕር በፋብሪካዎቻቸው ሠርተዋል።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። በእጅ ከሚሠሩት ብዕሮች ብዙዎቹ ቀለሙን የሚይዙት ያለ ከረጢት፥ በቀጥታ በገላቸው ውስጥ ነው። ቀለሙ ሲጎድል ባዶው ቦታ በአየር ይሞላል፤ የእጅና የደረት ሙቀት አየሩን ሲያሰፋው አየሩ ቀለሙን ይገፋል፤ ወረቀትም ሸሚዝም ይበላሻል። ስለዚህ ሠሪው የብዕሩን ገላ ወፈር ያደርገዋል፤ ባለቤቱም ቀለሙ ሳያልቅ ይሞላዋል፥ በኪሱም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሠሪው እንምጣ። ምሳሌ የሚሆነን ሰው ያገኘነው በሕንድ አገር ነው። ሕንድ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለችም፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አስተምረዋል። ሕንድ ገና በእንግሊዝ ግዛት ሥር ሳለች ግን ገበያዋ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ብዕር የተሞላ ነበር። ማህተማ ጋንዲ ሕዝቡ የራሱን ጨርቅ እንዲፈትልና በአገሩ ሥራ እንዲጠቀም ያስተምሩ በነበሩበት ዘመን፥ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ባለችው በራጃመንድሪ ከተማ ኬ. ቪ. ራትናም የተባሉ ሰው በ1932 ብዕር በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። ከሥራቸውም አንዱ ብዕር ለጋንዲ ደርሶ፥ ጋንዲ በ1935 በደብዳቤ አመሰገኗቸው። ሥራውም ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

ይህ ብዕር የሚሠራው ኤቦናይት ከሚባል ነገር ነው። ኤቦናይት ጎማ ከብዙ ድኝ ጋራ ተቀላቅሎ በሙቀት ሲበስል የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው፤ ቀለም አይበላውም፥ ሲይዙትም እንደ ብረት እጅን አያቀዘቅዝም። ሠራተኛው ዘንጉን ለክቶ ይቆርጣል፤ በቶርኖ አስሮ ውጪውን ይልጣል፤ ውስጡን በመሰርሰሪያ ይቦረቡራል፤ ክዳኑና ገላው የሚጋጠሙበትን ጥርስ ያወጣል፤ የምላሱን ቦይ ይሰነጥቃል፤ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በጨርቅ ይወለውለዋል። የኪስ ብዕር ገላ አጭርና ጠባብ ስለሆነ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ጉድለት እንኳ ይታይበታል። ጥርሱ ከላላ ቀለም ያፈስሳል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ ይስማማዋል፤ እንዲያውም ያንሰዋል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ከልክ በላይ የተቦረቦረ ኤቦናይት ግን አይመለስም።

ከሁሉ የሚከብደው ትንሹ የብረት ጫፍ ነው። በወርቅም ሆነ በብረት ቢሠራ፥ ወረቀቱን በሚነካበት ላይ ቶሎ የማያልቅ ጠንካራ ቅንጣት ተበይዶበት፥ በመካከሉ እጅግ ቀጭን ሆኖ መሰንጠቅ አለበት። ዛሬ በብዙ አገር ብዕር በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ጫፉን ብቻ የሚገዙት በጀርመን ሃይድልበርግ ከተማ እንዳለው እንደ ቦክ ካሉ ፋብሪካዎች ነው። ይህ ሠሪዎቹን የሚያሳፍር አይደለም። ገላውን የሠራ ሰው የጎደለው ጫፉ መሆኑን ያውቃል፤ ምንም ያልሠራ ሰው ግን የጎደለውን እንኳ አያውቅም። ከንግግራችን ሁሉ እንድታስቡልን የምንፈልገው ይህን አንዱን ነገር ነው።

«ዛሬ ሰው በስልክ ይጽፋል፤ እስክሪፕቶም በየሱቁ በርካሽ ይገኛል፤ የቀለም ብዕር ለማን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ላስሎ ቢሮ የተባለው ሃንጋሪያዊ በ1938 መብት ያወጣበት ባለ ኳስ ጫፍ ብዕር፥ እኛ እስክሪፕቶ የምንለው፥ ለተማሪ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሁሉም ወደ ቀለም ብዕር ይመለስ አንልም። ነገር ግን እስክሪፕቶ ሲያልቅ ይጣላል፤ በእጅ የተሠራው ብዕር ሲበላሽ ወደ ሠሪው ይመለሳል፥ ተፈትቶ ይታጠባል፥ ጫፉ ይለወጣል፥ እንደገናም ይጽፋል። ይህ የሚሆነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቅርብ ሲኖር ነው።

በአገራችን ግን ባለ እጅ ብዙ ዘመን ተንቋል። ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ ባበሉንና ባለበሱን ሥራቸው ተሰድበዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዛሬ በአደባባይ የሚሳደብ ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ መካከል ጥሩ ውጤት ያገኘ ተማሪ ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ «አባባ፥ እማማ፥ ቶርኖ ቤት ገብቼ የእጅ ሙያ ልማር ቆርጫለሁ» ቢል፥ በቤቱ የሚሆነው ደስታ ነው ወይስ ኀዘን? ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን የምንጠይቃችሁ በድፍረት አይደለም። ትምህርታችንን ጨርሰን መንገዳችንን የምንመርጥበት ቀን ስለ ደረሰ፥ መልሱ ለአንዳንዶቻችን የዕድሜ ልክ ነገር ስለሆነ ነው።

ክቡራን መምህራኖቻችን፥ ሕጉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምራችሁናል፤ ለሚከተሉን ደግሞ ሕጉ በሠራተኛ እጅ ሲገለጥ የሚያዩበት ቦታ እንዲኖራቸው እንለምናለን። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በእጃችሁ ያለውን ነገር ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ እንዴት እንደ ተሠራም ጠይቁ። እናንተም ወላጆቻችን፥ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ከፊሎቻችን በብዕር የምንጽፍ፥ ከፊሎቻችን ብዕር የምንሠራ እንድንሆን መርቁን፤ ምርቃታችሁም ለሁለቱም እኩል ይሁን።