የናቡቴ ርስትና የመንግሥታት ሕግ

(ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለልማት ሥራ ወደ አጥቢያዎች በወረድን ቁጥር የውኃውና የእርሻው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ደጋግመን የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። «በቅድስት ሀገር ስላለው ጦርነት ምን እንበል? ከማንስ ጋር እንቁም?» ይሉናል። አንዳንዱ ምእመን በዳዊቱና በቅዳሴው «እስራኤል» የሚለውን ስም ሲሰማ በቀጥታ የዛሬውን መንግሥት ያስባል፤ በዚያ መንግሥት ላይ የሚነሣ ጥያቄም በእግዚአብሔር ላይ የተነሣ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በስልኩ የሚያየው የሕፃናት አስከሬን ልቡን ሰብሮት በአይሁድ ዘር ሁሉ ላይ የጥላቻ ቃል ይናገራል። ሁለቱም የሚመጡት ወደ ካህኑ ነው። ካህኑም ሊመልስላቸው ይገባል። ስለዚህ ዛሬ የመንግሥታት ሕግ ስለ ፍልስጥኤም ሕዝብ መብት ምን እንደሚል በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ናቡቴን እናስታውስ። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሡ ለአክዓብ አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ አስጻፈች፤ ሐሰተኛ ምስክር አቆመች፤ ናቡቴ ተወግሮ ሞተ፤ ርስቱም ተወሰደ። ልብ እንበል፤ ርስቱን የወሰደው የእስራኤል ንጉሥ ነው፤ የገሠጸውም የእስራኤል ነቢይ ኤልያስ ነው። የተመረጠ ሕዝብ ንጉሥ መሆን አክዓብን ከፍርድ አላዳነውም። ኤልያስም ንጉሡን ስለ ገሠጸ የሕዝቡ ጠላት አልሆነም። ይህን የያዘ ሰው ቀጥለን የምንለውን ያለ ጭንቀት ሊሰማ ይችላል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍልስጥኤም ከኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ወጥታ በመንግሥታት ማኅበር ስም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ገባች። ኅዳር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 181 ምድሪቱ ለአይሁድና ለዐረብ መንግሥታት እንድትከፈል፣ ኢየሩሳሌም ደግሞ በልዩ ዓለም አቀፍ አስተዳደር እንድትጠበቅ ሐሳብ አቀረበ። ኢትዮጵያ በዚያ ዕለት ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 10 መንግሥታት አንዷ ነበረች። በ1948 ጦርነት የእስራኤል መንግሥት ቆመ፤ ከ700,000 በላይ ፍልስጥኤማውያን ግን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በሰኔ 1967 ጦርነት እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ የዮርዳኖስን ምዕራባዊ ዳርቻና ጋዛን ያዘች። ዛሬ የሚነሣው የሕግ ጥያቄ በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ዓመታት የተወለደ ነው።

ሕጉ ለፍልስጥኤም ሕዝብ የሚያውቃቸውን መብቶች በሦስት ከፍለን እንያቸው።

የመጀመሪያው የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ነው። ይህ መብት በ1966 የጸደቁት ሁለቱ ታላላቅ የሰብአዊ መብት ቃል ኪዳኖች በመጀመሪያ አንቀጻቸው ያስቀመጡት የሕዝቦች ሁሉ መብት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በ1974 በውሳኔ ቁጥር 3236 የፍልስጥኤም ሕዝብ ይህ መብት እንዳለው በስም ጠቅሶ አረጋግጧል። በዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት ይህንኑ አጽንቷል።

ሁለተኛው በጦር በተያዘ ምድር የሚኖር ሕዝብ የሚያገኘው ጥበቃ ነው። የ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምድሩን የያዘው መንግሥት ነዋሪውን በግድ እንዳያፈናቅል፣ የራሱንም ሕዝብ አምጥቶ በዚያ እንዳያሰፍር በአንቀጽ 49 ይከለክላል። አንድ ሰው ላልሠራው ጥፋት እንዳይቀጣ፣ የጅምላ ቅጣትም እንዳይኖር በአንቀጽ 33 ይደነግጋል። ለሕዝቡ ምግብና መድኃኒት እንዲደርስ የማድረግ ግዴታንም በያዡ ላይ ይጥላል። የእስራኤል መንግሥት ግዛቱ አከራካሪ እንጂ በወረራ የተያዘ አይደለም፣ ስምምነቱም በቀጥታ አይመለከተውም ብሎ ይከራከራል። ፍርድ ቤቱ በ2004 ይህን መከራከሪያ አልተቀበለም፤ በተያዘው ምድር ውስጥ የተሠራውም ግንብ ሕግን የተላለፈ ነው ሲል በ14 ድምፅ በ1 ተቃውሞ ወስኗል። የጸጥታው ምክር ቤት በ2016 በውሳኔ ቁጥር 2334 የሰፈራ መንደሮቹ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌላቸው አስታውቋል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስራኤል በተያዙት ግዛቶች መቆየቷ ራሱ ሕገ ወጥ ነው፣ በተቻለ ፍጥነትም ማብቃት አለበት የሚል አስተያየት በ11 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ሰጥቷል።

ሦስተኛው የስደተኞች መብት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ 1948 በውሳኔ ቁጥር 194 ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሰላም ለመኖር የሚፈልጉ ስደተኞች እንዲመለሱ፣ ለማይመለሱት ደግሞ ስለ ንብረታቸው ካሣ እንዲከፈል ጠይቋል። ከስደተኞች ጋር ለምንሠራ ለእኛ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመናል። በዮርዳኖስ፣ በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በጋዛና በምዕራባዊው ዳርቻ ያሉ የፍልስጥኤም ስደተኞች እኛ በመጠለያ ጣቢያዎች በምናውቀው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሥር አይደሉም። ለእነርሱ በ1949 ኡንርዋ የሚባል የተለየ ድርጅት ተቋቁሞላቸዋል። የ1951 የስደተኞች ስምምነትም ከሌላ የተባበሩት መንግሥታት አካል እርዳታ የሚያገኙትን አይጨምርም። ስለዚህ የኡንርዋ በር ሲዘጋ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩም አብሮ ይዘጋል፤ በቀላሉ የሚተካው ሌላ በር የለም።

ክቡራን ሆይ፤ ሕጉ በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ መሆኑን ካልተናገርን እውነቱን ጎዶሎ እናደርገዋለን። ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስና ከእርሱ ጋር የዘመቱ ታጣቂዎች በእስራኤል ላይ ባደረሱት ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ተገድለዋል፤ 250 ያህልም ታግተዋል። ሰላማዊ ሰውን መግደልና ማገት በማናቸውም ምክንያት ሕጋዊ አይሆንም። የተያዘ ሕዝብ የነጻነት መብት አለው፤ መብቱ ግን ሕፃንና ሽማግሌን ለመግደል ፈቃድ አይሰጥም። እንዲሁም የአንዱ ወገን ወንጀል ለሌላው ወገን ሕጉን አያነሣለትም። ከዚያ በኋላ በጋዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ጥቅምት 19 ቀን 2023 በጋዛ ከተማ በሚገኘው በጥንታዊው የቅዱስ ፖርፊርዮስ ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ክርስቲያኖች በአየር ድብደባ ሞተዋል። ጥር 26 ቀን 2024 የፍትሕ ፍርድ ቤቱ ደቡብ አፍሪካ ባቀረበችው ክስ የዘር ማጥፋት ድርጊት እንዳይፈጸምና እርዳታ እንዲገባ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጥቷል። ትእዛዙ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ ቀድመን አንፈርድም፤ የታዘዘውንም አልታዘዘም አንልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «ሕጉ ይህን ሁሉ ካለ ለምን አልተፈጸመም? ጉልበት የሌለው ሕግ ምን ይረባል?» ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት የጠየቅነው እኛ ነን። ሰኔ 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ ሕጉ ከእኛ ጋር ነበር፤ ጉልበቱ ግን ከፋሺስት ኢጣሊያ ጋር ነበር። ብዙ መንግሥታት ወረራውን አምነው ተቀበሉ። ጥቂቶች ግን አንቀበልም አሉ፤ ከእነርሱ አንዷ ሜክሲኮ ናት። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ በተሻገርን ቁጥር የምናስታውሰው ይህንኑ ነው። ያች ሀገር ጦር አልላከችልንም፤ ግፉን ሕጋዊ ነው ብላ አልፈረመችም። ስማችን ከመንግሥታት መዝገብ እንዳይፋቅ የረዳን እንዲህ ያለው እንቢታ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004ም በ2024ም ከመንግሥታት ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ ሕገ ወጡን ሁኔታ እንደ ሕጋዊ አትቀበሉ፤ እንዲቀጥልም አትርዱ።

ሁለተኛ ምሳሌም ከራሳችን አለን። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ ስለ ያዘችው የአፓርታይድዋ ደቡብ አፍሪካ በዚሁ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በ1966 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ክሱ ወደቀ። በ1971 ግን ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ ነገር ግን ሕጉ በመጀመሪያ ባይጠራ ኖሮ በመጨረሻ የሚፈጸም ነገር ባልኖረ ነበር። ስለ ፍልስጥኤምም ቢሆን በኅዳር 1967 የጸጥታው ምክር ቤት ግዛትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው የሚናገረውን፣ በአካባቢው ያሉ መንግሥታት ሁሉም በሰላም የመኖር መብት እንዳላቸው የሚያጸናውን ውሳኔ ቁጥር 242 በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ የምክር ቤቱ አባል ነበረች። እጃችን በዚያ ውሳኔ ላይ አለበት።

ጉዳዩ በቤታችንም አለ። የዴር ሡልጣን ገዳማችን የሚገኘው በአሮጌዋ ኢየሩሳሌም፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚያ ይዞታችን የምንከራከረው በጦር አይደለም፤ በነባር ይዞታ፣ በሰነድና በምስክር ነው። «ጉልበት ያለው ይውሰድ» የሚለውን ቃል በሌላው ላይ ካጸደቅን የራሳችንን ክርክር በራሳችን እጅ እናፈርሳለን። ለትንሣኤ ከአዲስ አበባ ተነሥተው የሚሄዱ ተሳላሚዎቻችን ቪዛቸውን ይዘው ጎልጎታ ይገባሉ። ቤተ ልሔም የተወለደው ፍልስጥኤማዊ ክርስቲያን ግን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሳለ በበዓሉ ዕለት ለመሳለም የይለፍ ወረቀት መለመን አለበት፤ ያላገኘው ይቀራል። ተሳላሚዎቻችን ግንቡን አልፈው ቤተ ልሔም ሲገቡ በዚያ ኬላ የቆመውን ሕዝብ አይተው ሊመለሱ ይገባል።

እንግዲህ በአጥቢያችን ምን እናድርግ? አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በስብከታችን የመጽሐፉን እስራኤልና የዛሬውን መንግሥት እንለይ። መንግሥት ሁሉ በሕግ ይመዘናል፤ የእኛም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ በአይሁድ ሕዝብም ሆነ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ላይ የጥላቻ ቃል በዐውደ ምሕረታችን እንዳይነገር እንጠንቀቅ። በዚያች ሀገር ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን አሉ፤ ልጆቻቸው በዚያው ጦርነት ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙታን ስንጸልይ የሁለቱንም ወገን እንጥራ፤ በተለይም የጋዛንና የቤተ ልሔምን ጥቂት ክርስቲያኖች አንርሳ።

አራተኛ፣ በራሳችን ወረዳ የተፈናቀለ ቤተሰብ፣ መሬቱን በጉልበት የተነጠቀ ጎረቤት ካለ፣ የሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን መዝግቦ ወደ ሽማግሌና ወደ ሕግ ያድርስ። በደጃችን ያለውን ናቡቴ ትተን ስለ ሩቁ ናቡቴ ብንናገር ማንም አይሰማንም።

«ከማን ጋር እንቁም?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ርስቱ ከተወሰደበት ጋር፣ ልጁ ከታገተበት ጋር፣ ቤቱ ከፈረሰበት ጋር እንቁም፤ መለኪያችንም ለሁሉም አንድ ይሁን። ነቢዩ ኤልያስ ወደ ናቡቴ ርስት የወረደው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነበር። የእኛ ድካም ሳይሞት እንድንደርስ ይሁን።

የሰላም አለቃ ክርስቶስ ለቅድስት ሀገርም ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።