መጀመሪያ «ማን ይከፍላል?» ብለን እንጠይቅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአራት አባላት የቀረበ ንግግር)



እኛ አራት ነን። ሁለታችን የማስተርስ ትምህርታችንን እዚሁ አዲስ አበባ ጨርሰናል። አንዷ ለፒኤችዲ ውጭ አገር ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖላት ተቀብለዋት በመጪው ክረምት ትሄዳለች። አራተኛዋ ዘንድሮ እንደገና እያመለከተች ነው። ሁላችንም የተማረክነው በአንድ ትምህርት ነው፤ በአንትሮፖሎጂ። ባለፈው ስብሰባ «ሴት ልጆቻችንም ከዲግሪ በኋላ መቀጠል ይፈልጋሉ፤ መንገዱን አሳዩን» ብላችሁ ስላዘዛችሁን ያየነውን ልንነግራችሁ መጥተናል።

የምንጀምረው ከስህተታችን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከአራታችን አንዷ አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ብዙዎቻችሁ ያን ቀን ታስታውሱታላችሁ። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ እልል ተባለ። ደብዳቤው ግን ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ቦታውን ለመያዝ በአንድ ወር ውስጥ ቀብድ ክፈይ ይላል። የአንገት ሐብሏን ሸጠች፤ የእቁብ ዕጣዋን ለምና ቀድማ ወሰደች፤ የጎደለውን ማኅበራችን አበደራትና ቀብዱ ተከፈለ። ቪዛ ስትጠይቅ ግን የአንድ ዓመት መኖሪያዋን የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ እንድታሳይ ተነገራት። ያን ያህል ገንዘብ ከየቤታችን ቢለቀምም አይሞላም። ቪዛው ቀረ፤ ቀብዱም አልተመለሰም። ብድሩን በየወሩ ከደመወዟ እየቀነሰች ከፍላ የጨረሰችው በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው።

እሷ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆማለች፤ እንድንናገረው የፈቀደችውም ራሷ ናት። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ሁላችንም እልል ስንል «ማን ነው የሚከፍለው?» ብላ የጠየቀች አንዲትም አልነበረችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የፈሰሰውን እንኳ አልለቀምንም ነበር። የዛሬው ንግግራችን እሱን ለመልቀም ነው።

እናቶቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁንን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ፤ «ይህ ትምህርት እንጀራ ይሆናል ወይ?» አንትሮፖሎጂ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንዴት እንደሚጋቡ፣ እንደሚያዝኑ፣ እንደሚረዳዱና እንደሚጣሉ የሚያጠና ትምህርት ነው። ተማሪዋ ወረቀት በትና መልስ ሰብስባ ብቻ አትመለስም፤ ከሰዎቹ ጋር አብራ ውላ አብራ አምሽታ ነው የምትማረው። ለፒኤችዲ ሲሆን የመስክ ሥራው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ከተመረቀች በኋላ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ በምርምር ተቋም፣ በቅርስና በሙዚየም፣ በጤና ወይም በልማት ድርጅት መሥራት ትችላለች። እንጀራ ይሆናል፤ ግን ቶሎ አይጋገርም። ቶሎ ሥራ መያዝ የግድ የሆነባት ልጅ ይህን አውቃ ትግባ።

ለዚህ ትምህርት የሚሆነው ጥያቄ ሩቅ ቦታ አይደለም ያለው። ከእኛ አንዷ በመጀመሪያ ያቀረበችው ርዕስ «የኢትዮጵያ ሴቶች ችግር» የሚል ነበር። መምህሯ «ይህ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም» ብለው መለሱላት። ተናዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጎረቤት ለቅሶ ነበርና ገባች። እዚያ ሁለት እናቶች ስለ አንዲት ዓረብ አገር ስላለች ልጅ ሲነጋገሩ ሰማች፤ ልጅቷ በሌለችበት እናቷ የዕድር መዋጮዋን ለዓመታት ይከፍሉላት ነበር። ስትመለስ አባል ናት ወይስ እንግዳ? ቀብር ላይ ያልቆመች ሰው መብቷ ምንድን ነው? ያ ጥያቄ የማስተርስ ጥናቷ ሆነ። እናንተ በየቀኑ የምትኖሩት ነገር ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻችሁን እንዲህ በሏቸው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት መረጣ እንለፍ። እኛ መጀመሪያ የመረጥነው በስም ነበር፤ ፊልም ላይ የሰማነውን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ጻፍን። ዛሬ ግን ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን።

አንደኛው «ከማን ጋር?» የሚለው ነው። በማስተርስም ሆነ በይበልጥ በፒኤችዲ የሚያስተምርሽ ሕንጻው አይደለም፤ አማካሪሽ ነው። በጥያቄሽ ላይ ወይም በአካባቢሽ ላይ የሠራ መምህር የሌለበት ትልቅ ስም አይጠቅምሽም። ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የቆየ ልምድ ያላቸው ቦታዎች አሉ። በጀርመን ፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮበኒየስ ተቋም ተመራማሪዎቹን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። በሃለ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ የማክስ ፕላንክ የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተቋም አለ። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አትርሱ። ስለ አገራችን ማን ምን እንደጻፈ እዚያ ቁጭ ብሎ ማየት አማካሪ ለመፈለግ ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው።

ለመምህሩ የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን። ከእኛ አንዷ «ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሃያ መምህራን ልካ አንድም መልስ አላገኘችም። በዓመቱ ለሦስት ብቻ ጻፈች፤ ማን እንደሆነች፣ ጥያቄዋ ምን እንደሆነ፣ ከመምህሩ ሥራ የትኛውን አንብባ ምን እንዳሰበች፣ በመጨረሻም በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ። ሁለቱ መለሱላት። አንዱ «ጡረታ ልወጣ ነው» ያሉት መልስ ራሱ የማመልከቻ ገንዘብ አዳነላት።

ሁለተኛው «ስንት ዓመት?» የሚለው ነው። አገሩ ሲለያይ ጉዞውም ይለያያል። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የክፍል ትምህርት ናቸው፤ ሁሉም ሲደመር ስድስት ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በእንግሊዝ ማስተርሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ ፒኤችዲው ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄሽን አጥርተሽ እንድትገቢ ይጠበቃል። እዚሁ አገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል አንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ ለመግባት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ልጅ ያላት፣ እናቷን የምታስታምም ወይም ሥራዋን መልቀቅ የማትችል እህት እዚህ መማሯን ማነስ አድርጋ አትየው። ሁለታችን እዚሁ ተምረናል፤ ለፒኤችዲ የምትሄደዋም የመንደሯን ጥናት ይዛ ነው የምትሄደው።

ሦስተኛው ያ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው፤ «ማን ይከፍላል?» የመግቢያ ደብዳቤ ያለ ገንዘብ ገና በር ማንኳኳት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ አራት ነገር እንፈልግበታለን፤ የትምህርት ክፍያውን ማን ይሸፍናል? መኖሪያዋንስ? የመስክ ሥራዋንስ? ለስንት ዓመት? አራቱም መልስ ካላገኙ እልልታውን እናቆየው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ ከመግቢያው ጋር አብሮ የሚሰጠው ነው። በአሜሪካ ብዙ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ትተው ወርኃዊ አበል ይሰጣሉ፤ ተማሪዋም በምላሹ በማስተማር ትረዳለች። ማስተርስ ላይ ግን ይህ ብዙም የለም፤ እዚያው አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «መጀመሪያ ማስተርስ ያዢ» ሲሏችሁ ይህን አስቡ። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው በፈረሙት መሠረት ደግሞ ድጋፍ ያቀረቡላትን ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለትም በእኛ ከሚያዝያ 7 በፊት ቁርጥ መልስ ስጪ ብለው አያስገድዷትም። አንድ ሰው ካቻኮላችሁ ይህን ቀን አስታውሱ።

ሌላው መንገድ መንግሥታት የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ነው፤ የአሜሪካው ፉልብራይት፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የጀርመኑ ዳአድ። ቼቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ክፍት ይሆናል። ፉልብራይትም ቼቭኒንግም ሲያልቅ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ግዴታ ያደርጋሉ። ሦስቱም ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ፣ ቅድሚያ ክፈይ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት።

«ነጻ ትምህርት» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ እንስማ። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ስኮላርሺፕ የሌላት ተማሪ ለቪዛ ለአንድ ዓመት ወደ 12,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጧን ማሳየት አለባት። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎችን ማስከፈል ጀምራለች። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ሁልጊዜ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው አረጋግጡ።

ለመስክ ሥራ ደግሞ በአንትሮፖሎጂ ዘንድ በጣም የታወቀው የዌነር-ግሬን ፋውንዴሽን ነው። ለፒኤችዲ ተማሪዎች የመስክ ጥናት እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል፤ ማመልከቻው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይ 1 እና ኖቬምበር 1 ይዘጋል። ዜግነት አይመርጥም፤ እዚህ አገር የተመዘገበችም ተማሪ ማመልከት ትችላለች። የትምህርት ክፍያን ግን አይሸፍንም።

እንግዲህ ማኅበራችን በዚህ ሁሉ መካከል ምን ሊያደርግ ይችላል? የአንዲትን ልጅ የትምህርት ክፍያ መሸከም አንችልም፤ ሞክረንም አይተናል። ትልልቆቹ ስኮላርሺፖች የማይደርሱበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ በሩ ላይ። የእንግሊዝኛ ፈተና ይከፈላል፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ትራንስክሪፕት ማስላክ ይከፈላል። በአሜሪካ አንድ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 125 ዶላር ይጠይቃል፤ ይህን ግን ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይተዋሉና ሳትጠይቁ አትክፈሉ። የእንግሊዝኛውንም ፈተና በእንግሊዝኛ ተምረሽ ከተመረቅሽ የሚተዉ አሉ። ከዚያ ፓስፖርት፣ የቪዛ ክፍያ፣ ለአሜሪካ ተማሪ ሴቪስ የሚባለው 350 ዶላር፣ በመጨረሻም የመጀመሪያው አበል እስኪደርስ ያለው ወር። ለፒኤችዲ የተቀበሏት እህታችን ዓመታትን የሚሸፍን ድጋፍ አግኝታ ሳለ ልትቀር የነበረው በእነዚህ ነው። ያን ጊዜ ሦስታችን አዋጥተን አሳለፍናት።

ስለዚህ የምንጠይቀው የበር ገንዘብ የሚሆን አነስተኛ ተዘዋዋሪ ብድር ነው። አራቱን ጥያቄዎች ለመለሰች፣ ወይም ገና ለማመልከት ፈተናና ትራንስክሪፕት ለጎደላት እህት ይሰጥ። ሥራ ወይም አበል ስትጀምር በየወሩ ትመልሰው፤ ለሌላዋ ይዙር። ለቀብድ ግን ድጋፉ በጽሑፍ ሳይታይ አንድ ብር አይውጣ።

ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ዞራ ኒል ኸርስተን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ በኒው ዮርክ በታዋቂው አንትሮፖሎጂስት በፍራንዝ ቦአስ ሥር ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ አንዲት ባለጸጋ ሴት በወር 200 ዶላር ልትሰጣት ተዋዋለች። ኸርስተን በዚያ ገንዘብ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እየዞረች የወገኖቿን ተረትና ዘፈን ሰበሰበች። በውሉ መሠረት ግን የተሰበሰበው ሁሉ የከፋይዋ ንብረት ነበር፤ ያለ ፈቃዷም ማውጣት አይቻልም። ገንዘቡ መንገድ ከፈተላት፤ አፏን ደግሞ ያዘባት። እናንተ እንዲህ አድርጋችሁብን አታውቁም። ቢሆንም የብድሩ ደንብ ሲጻፍ አንድ መስመር እንዲገባ እንለምናለን፤ እህቲቱ የምታጠናውን የምትመርጠው፣ ያገኘችውንም የምትጽፈው ራሷ እንድትሆን፤ ስለ እኛ ስለ ማኅበራችን ቢሆን እንኳ።

የድምፅ መስጫው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። እስከዚያ የሰበሰብነው ደብተር፣ የማመልከቻ ቀኖቹና የደብዳቤ ናሙናዎቹ በጸሐፊያችን እጅ ናቸው፤ ልጅም እናትም መጥታ ታንብበው። ዘንድሮ እንደገና የምታመለክተው እህታችን መልሷን የምትሰማው በመጋቢት አካባቢ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ሁላችሁንም እንጠራለን። ቡናው ይፈላል፤ መጀመሪያ ግን ሁለተኛውን ገጽ ጮክ ብለን እናነባለን።