ለቀብር እንደምንደርስ ለአስታማሚም እንድረስ



ዛሬ የሒሳብ ሪፖርት አናቀርብም፤ ነገሩ ግን የተነሣው ከመዝገባችን ነው። የቅጣት ገቢያችንን ስናመሳክር የአንዲት እህታችን ስም አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አገኘን። መዋጮዋን በቴሌብር በጊዜው ትከፍላለች፤ ስብሰባ ግን አትመጣም። እኛም ደንቡ እንደሚለው ቀጣናት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥተን ስንጠይቃት፣ ስትሮክ የመታቸውን እናቷን ለብቻዋ ማስታመም ከጀመረች ሰባት ወር ሆኗታል። ይህን እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

ከእኛ አንዷ ሐዘን ቢደርስባት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል ተራ አለን። ለምታስታምም እህት ግን ተራ የለንም።

ያሉትን አማራጮች እንይ። ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ በክፍያ ይገኛል፤ ለወራት ግን አቅማችን አይችለውም። ሁሉን በቤት ሠራተኛ ላይ መጣል ድካሙን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ማዛወር ነው። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ በጤና ጣቢያችሁ ጠይቁ። ለካንሰርና ለመሳሰሉት ጽኑ ሕመሞች ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ ሄዶ ይረዳል። እነዚህ ሁሉ አይተው ይመለሳሉ፤ አስታማሚዋ እስክታርፍ አይቀመጡም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለከባድ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያገኛል፤ ያውም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ቢደመር 10 ቀን ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን ለአራት ሰዓት እንተካት። መድኃኒቱን፣ ሰዓቱንና የሐኪሙን ስልክ በወረቀት ትጻፍልን። ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረለት ገላው ይቆስላል፤ አያያዙን እሷ ታሳየን። ስትሮክ የመታው ሰው ትን ሊለው ስለሚችል ቀና ሳይል አናጉርሰው። መርፌና ቱቦ አንነካም። ድንገት ቢብስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

በአራቱ ሰዓት ምን እንደምትሠራ አንጠይቃትም። ትተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሂድ፣ ፀጉሯን ትሠራ።

የተቀጣችው ገንዘብ እንዲመለስላት ለጉባኤው እናቀርባለን። ሰባቱን ወር ግን ልንመልስላት አንችልም። የተራ መመዝገቢያው ደብተር በሩ አጠገብ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ።