የከተማ ገንዘብና ጠያቂው



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ስለ ከተማ ገንዘብ ነው። ይኸውም ፓርቲዎች ስለ ወንበር በሚከራከሩበት ጊዜ ሒሳብ ጠያቂው ወዴት እንደሚሄድ ለማመልከት ነው።

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ቃሊቲን፣ ቀጥሎም አቃቂን ያገኛል። የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጭነት መኪና አገር ነው። መዲናይቱ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጕድጓዶች ነው። በ1998 ዓ.ም. ግን አቃቂ ቃሊቲ ስሙ የተነሣው በውኃው ወይም በፋብሪካው ሳይሆን በእስር ቤቱ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። በምርጫው ዋዜማ በቴሌቪዥን በተላለፉት ክርክሮች ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ሲል፣ ቅንጅት የግል ይሁን ይል ነበር። ለገበሬው ይህ የርስት ክርክር ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን የገንዘብ ክርክር ነው፤ ከተማይቱ ከፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ይልቅ በራስዋ ገቢ የምትተዳደር ስለ ሆነች፣ የመሬት ሊዝ ከካዝናዋ ምንጮች አንዱ ነውና። በዚያው ወራት በከንቲባ አርከበ ዕቍባይ አስተዳደር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ለዚህ ሥራ አስተዳደሩ ቦንድ እያወጣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይሸጥ ነበር። ቦንድ ማለት በሚያምር ወረቀት የተጻፈ ብድር ነው፤ ቤት የደረሰው ሰው ዕዳውን ባይከፍል ማን ይከፍላል? ብሎ የሚጠይቅ ተቃዋሚ በምክር ቤት መኖሩ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

የድምፁ ቆጠራ ሲገለጽ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አገኘ። ለከንቲባነትም የኢኮኖሚ ምሁሩን ዶክተር ብርሃኑ ነጋን መረጠ። የፌዴራሉ ምክር ቤት በበኩሉ የሥራ ዘመኑ ሊያበቃ ሲል፣ ጥቂት ድምፅ ያለው ወገን አጀንዳ ማስያዝ እንዳይችል አድርጎ ደንቡን ለወጠ። አሸናፊውም በምርጫው ውጤት ላይ ባነሣው ቅሬታ ምክንያት ወንበሩን ሳይረከብ ቀረ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም አጥፍተዋል፤ አንደኛው የጠያቂን አፍ አጠበበ፣ ሁለተኛው የሕዝብን አደራ በደጅ ተወ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ። የከተማይቱን በጀት ሊመረምር የተመረጠው ሰው ሊያስተዳድራት በነበረችው ከተማ ደቡብ ጫፍ፣ በቃሊቲ እስር ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ፣ ከግንቦት 1998 ዓ.ም. አንሥቶ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ከተማይቱን ያዘ። እስረኞቹ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ፤ አቶ ኩማ ደመቅሳም ከንቲባ ሆኑ።

አድማጮቼ ቍጥሩን ልብ ብላችሁታል? ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው 137 ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተዛወረ። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት፣ የተሸነፈው ወገን ሺህ በሺህ ድምፅ ቢኖረውም አዳራሹ ውስጥ የሚናገርለት አይኖርም። የመጀመሪያው ምክር ቤት ቢሰበሰብ ኖሮም ከንቲባውን የሚጠይቁት ከአንድ ሰው በቀር የገዛ ጓዶቹ በሆኑ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር መብት ሰጥቷል፤ አስተዳደሩም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ አድማጮቼ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ግብር ወደ ፌዴራሉ ካዝና ይገባል፤ የቤታችሁን ግብር ግን የምትከፍሉት ለከተማዋ ነው። ለሁለት ጌታ እንደሚገብር ሰው ናችሁ ማለት ነው።

ሰኔ 30 ቀን ሒሳብ እንደሚዘጋ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1998 ዓ.ም. ሰኔም፣ በ1999 ዓ.ም. ሰኔም የአዲስ አበባ ሒሳብ ተዘጋ፤ ሐምሌ 1 ቀንም አዲሱ በጀት ተጀመረ። በሁለቱም ጊዜ ያንን በጀት በድምፁ ያጸደቀ፣ በከተማይቱ ሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም።